ሐኪም ከሌለበት ቤት ሐኪም እንዲወጣ

 

ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለት ሰዎች ነው። አንደኛዋ እዚህ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያደገች፣ ባዮሎጂ የምታጠና፣ ሐኪም ለመሆን የቆረጠች የኮሌጅ ተማሪ ናት። እናቷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሁለት ፈረቃ ይሠራሉ፣ አባቷ ታክሲ ይነዳሉ። ሁለተኛው ጎንደር ወይም ጅማ ተምሮ የተመረቀ፣ ወረዳ ውስጥ መብራት እየጠፋ በእጅ ባትሪ ያዋለደ ሐኪም ነው፤ ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ይሠራል ወይም ኡበር ይነዳል። ሁለቱንም ታውቋቸዋላችሁ። ከብዙዎቻችሁ ቤት፣ ካልሆነም ከጎረቤታችሁ ቤት፣ አንዳቸው አይጠፉም።

ስለ እሷ በየሠርጉና በየለቅሶው የሚባለው «ከበረታች ትደርሳለች» ነው። ስለ እሱ ደግሞ «ምናለ ፈተናውን ወስዶ ቢገላገል» ይባላል። ሁለቱም አነጋገር ነገሩን በአንድ ሰው ብርታት ላይ ይጥለዋል። እኔ የምሟገተው ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው። በዚህ አገር ወደ ሕክምና የሚያስገባው መንገድ የተሠራው በቤቱ ሐኪም፣ ገንዘብና ጊዜ ላለው ሰው ነው። እነዚህ ሳይኖራቸው ያለፉ አሉ፤ እናከብራቸዋለን፤ ፎቷቸውን እንለጥፋለን። መንገድ ላይ የቀሩትን ግን ማን ቆጠራቸው?

ጥቂት ታሪክ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ የትምህርት ባለሙያ በካርኔጊ ፋውንዴሽን ተልኮ የአሜሪካንና የካናዳን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዞሮ መረመረ። ሪፖርቱ ብዙ ደካማ ትምህርት ቤቶችን አዘግቶ የሙያውን ደረጃ ከፍ አድርጓል፤ ይህ አይካድም። ይሁን እንጂ ጥቁሮችን ያስተምሩ ከነበሩት ሰባት ትምህርት ቤቶች ድጋፍ ይገባቸዋል ያለው ሁለቱን ብቻ ነበር፤ እዚህ ዋሽንግተን ያለውን ሃዋርድንና በናሽቪል ያለውን መሃሪን። አምስቱ ተዘጉ። በየአካባቢው ያሉ ብዙ የሐኪሞች ማኅበራት ጥቁር ሐኪሞችን በአባልነት አይቀበሉም ነበር፤ አባል ያልሆነ ደግሞ ብዙ ቦታ ሆስፒታል ገብቶ በሽተኛ ማከም አይችልም ነበር። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር ለዚህ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው።

ጥቁር ሐኪሞቹ ይቅርታውን እየጠበቁ አልተቀመጡም። በ1895 አትላንታ ላይ የራሳቸውን ብሔራዊ የሕክምና ማኅበር አቋቋሙ። በ1964 የሃዋርድና የመሃሪ ተማሪዎች የጥቁር የሕክምና ተማሪዎችን ማኅበር መሠረቱ፤ ያ ማኅበር ዛሬም የኮሌጅ ተማሪዎችን እየያዘ ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው ለኤምካት፣ ለማመልከቻና ለቃለ መጠይቅ ያዘጋጃል። በሩ ለእኛም ልጆች ክፍት ነው፤ ብዙ ወላጅ ግን መኖሩን ሰምቶ አያውቅም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛም አለንበት። ዶክተር መላኩ በያን ከኢትዮጵያ ተልከው ኦሃዮ ከተማሩ በኋላ ሕክምና የተማሩትና በ1930ዎቹ አጋማሽ የተመረቁት ከዚህ አዳራሽ ብዙም በማይርቀው በሃዋርድ ነው። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ሐኪም ሆነው ወደ ጦር ግንባር ሄዱ፤ ተመልሰውም በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። እኚህን ሰው ሐኪም ያደረጋቸው ከዚያ መዘጋት የተረፈ የጥቁር አሜሪካውያን ትምህርት ቤት ነው። ይህን የማነሳው ውለታ እንዳለብን እንድናውቅ፣ የምንሠራውንም ነገር ከእነሱ ጋር ተባብረን እንድንሠራው ነው።

ወደ ዛሬው እንምጣ። የተማሪዋን በር እንመልከት። ኤምካት 7 ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፈተና ሲሆን ክፍያው ከ300 ዶላር በላይ ነው። ማመልከቻው በየትምህርት ቤቱ ይከፈልበታል። ከዚያ ትምህርት ቤቶቹ ሁለተኛ ማመልከቻ ይልካሉ፤ እሱም ክፍያ አለው። እንደ አብዛኛው አመልካች 15 ወይም 20 ቦታ ካመለከተች፣ አንድ የመለማመጃ መጽሐፍ ሳትገዛ ወጪዋ 2,500 ዶላር ያልፋል። ለዚህ የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የክፍያ እርዳታ ፕሮግራም አለው። ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ልጅ የፈተናውን ክፍያ በብዙ ይቀንሳል፣ ለ20 ትምህርት ቤት የማመልከቻ ክፍያ ያስቀራል። አንድ ደንብ ግን አለው፤ እርዳታው ወደ ኋላ አይሠራም። ከፍላ ጨርሳ በኋላ የሰማች ልጅ ገንዘቧ አይመለስላትም። ይህን ቀድሞ የሚነግራት አንድ ሰው ቢኖር አባቷ ስንት ሌሊት በትርፍ ሰዓት ከመንዳት ይድኑ ነበር!

የዚሁ ማኅበር ጥናት እንደሚያሳየው ለሠላሳ ዓመት ያህል ከሜዲካል ተማሪዎች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት የመጡት ገቢያቸው ከፍ ካሉት 40 በመቶ ቤተሰቦች ነው። ከድኃው አንድ አምስተኛ የመጡት በየትኛውም ዓመት ከመቶ ስድስት አልሞሉም። አሁን ደግሞ በሩ ይበልጥ እየጠበበ ነው። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን ከግምት ያስገባ የነበረውን የቅበላ አሠራር ከልክሏል፤ በ2024 ሜዲካል ስኩል የገቡ ጥቁር ተማሪዎች ቁጥር ከቀደመው ዓመት ከ11 በመቶ በላይ ወርዷል። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪዎች ከመንግሥት የሚያገኙትን ብድር በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ላይ ገድቦታል። በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት ወጪ፣ ኑሮው ሲታከል፣ ከ90,000 ዶላር ያልፋል። ልዩነቱን የምትሞላው ከግል ባንክ ተበድራ ነው፤ ባንኩ ደግሞ ጥሩ ክሬዲት ያለው አብሮ ፈራሚ ይጠይቃል። የሐኪም ልጅ አባቷን ታስፈርማለች። የእኛዋ ማንን ታስፈርም?

በሌላ በኩል የተከፈቱ በሮችም አሉ። ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ ከ2024 ጀምሮ የቤተሰባቸው ገቢ ከ300,000 ዶላር በታች የሆኑ የሕክምና ተማሪዎችን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ከ175,000 በታች ለሆኑት የኑሮ ወጪያቸውንም ይሸፍናል። ብሮንክስ ያለው አልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅም በዚያው ዓመት ለተማሪዎቹ በሙሉ ነፃ ሆኗል። «የእኛ ገንዘብ አይችለውም» ብላችሁ ልጃችሁን ከማመልከት አታስቀሩ።

ከገንዘቡ የሚከብደው ግን በወረቀት ላይ የማይታየው ነው። የሐኪም ልጅ ማመልከቻ በሰኔ መጀመሪያ ካልተላከ ቦታው እየሞላ እንደሚሄድ እራት ላይ ትሰማለች። የማንን ደብዳቤ መያዝ እንዳለባት፣ ሐኪም ተከትላ የምትውልበትን ክሊኒክ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ምን እንደሚጠየቅ ሳታስበው ታውቃለች። የእኛ ልጅ በዚያው ሰዓት የአባቷን የኢሚግሬሽን ፎርም ትሞላለች፣ እናቷን ወስዳ ታስተረጉማለች፣ ታናሽ ወንድሟን ከትምህርት ቤት ትቀበላለች። ለኤምካት በደንብ የሚዘጋጅ ሰው ብዙውን ጊዜ 300 ሰዓት ያህል ያጠናል። እነዚያን 300 ሰዓቶች ከየት ታምጣቸው? ውጤቷ ሲያንስ ደግሞ «አልበረታችም» እንላለን።

የተመረቀው ሐኪም መከራ ሌላ ነው። ስቴፕ ዋንና ስቴፕ ቱ የሚባሉትን የሐኪሞች ፈቃድ ፈተናዎች ማለፍ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ወስዶ ኢሲኤፍኤምጂ ከሚባለው ተቋም የምስክር ወረቀት ማግኘት፣ ከዚያ ሬዚደንሲ ለሚባለው የሆስፒታል ሥልጠና መወዳደር አለበት። እያንዳንዱ ስቴፕ 1,000 ዶላር ያህል ያስከፍላል። ለ100 ሬዚደንሲ ፕሮግራም ቢያመለክት ለማመልከቻው ብቻ ከ2,000 ዶላር በላይ ይከፍላል፤ ብዙዎቹም ከዚያ በላይ ፕሮግራም ያመለክታሉ። በቅርብ ዓመታት ከአሜሪካ ሜዲካል ስኩል ተመርቀው ማች በሚባለው የሬዚደንሲ ምደባ ከሚወዳደሩ ተማሪዎች ከመቶ 93 ያህሉ ቦታ ሲያገኙ፣ ውጭ ተምረው ከመጡና የአሜሪካ ዜግነት ከሌላቸው ግን ከመቶ 58 ገደማ ናቸው።

ሰውየውን የሚጎዳው ጊዜ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ከተመረቀ አምስት ዓመት ያለፈውን አመልካች ማመልከቻውን ሳያነቡ ይለዩታል። የአሜሪካ ሆስፒታል ልምድና ከአሜሪካ ሐኪም የተጻፈ ደብዳቤም ይጠይቃሉ። እሱ ደግሞ የቤት ኪራይ አለበት፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ አለበት፣ ስለዚህ 60 ሰዓት ይሠራል። ሲሠራ አያጠናም፤ ካላጠና አያልፍም፤ አንድ ዓመት በገፋ ቁጥር ወረቀቱ ያረጃል። ይህን ቀለበት ለብቻው ይስበረው ማለት ጭካኔ ነው።

ሕጉ በአንዳንድ ስቴቶች መላላት ጀምሯል። ቴነሲ በ2023 ውጭ የተማሩ ብቁ ሐኪሞች እዚህ ሬዚደንሲ ሳይደግሙ በጊዜያዊ ፈቃድ የሚሠሩበትን ሕግ አወጣች፤ ቨርጂኒያም በ2024 ተመሳሳዩን አውጥታለች። ይሁን እንጂ ፈቃዱ በራሱ አይመጣም፤ ተቀብሎ የሚያሠራና ሥራውን የሚከታተል የሕክምና ተቋም ይፈልጋል። አንድ ሰው ለብቻው ሄዶ የሆስፒታል አስተዳደርን በር ቢያንኳኳ ማን ይከፍትለታል? ሃያ ሐኪሞችን መዝግቦ፣ ማስረጃቸውን አደራጅቶ፣ ጠበቃና የአካባቢውን ተመራጭ ይዞ የሚሄድ ማኅበረሰብ ግን ቢያንስ ቀጠሮ ያገኛል።

«ይህን ሁሉ ብናደርግ ለውጥ ያመጣል?» ለሚለኝ ሰው ሁለት ምሳሌ አለኝ።

አንደኛው ኒው ኦርሊንስ ያለው ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ ነው። ትንሽ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው፤ ሀብታም አይደለም፤ ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከቤተሰባቸው ኮሌጅ ሲገቡ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ይህ ትምህርት ቤት ሐኪም የሚሆኑ ጥቁር ተማሪዎችን በማፍራት ለአሥርት ዓመታት ከአገሪቱ ትልልቅና ባለጸጋ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ሲቀድም ኖሯል። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራኑ ተሰብስበው ተማሪው የሚሰናከልባቸውን ቦታዎች እየለዩ የመለማመጃ ደብተር አዘጋጁ። ተማሪዎቹ በቡድን እንዲያጠኑና ከፍ ያሉት ዝቅ ያሉትን እንዲያስጠኑ አደረጉ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የተማሪውን መንገድ የሚከታተል ቢሮ አለ፤ መቼ መፈተን እንዳለበት ይነግረዋል፣ ድርሰቱን ያነብለታል፣ ለቃለ መጠይቅ ያለማምደዋል። አንድ ተማሪ ሲወድቅ ሌላው ወንበር አገኘሁ ብሎ ደስ የሚለው ቦታ አይደለም።

ሁለተኛው ዩሪ ትሪስማን የተባለ የሒሳብ መምህር በ1970ዎቹ መጨረሻ በርክሌይ ላይ ያየው ነው። ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ይወድቁ ነበር፤ መምህራኑም የፍላጎት ማነስ ነው፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ይሉ ነበር። ትሪስማን ግን አብሯቸው ዋለና ተመለከታቸው። የወደቁት ሰነፎች አልነበሩም፤ በራቸውን ዘግተው ለብቻቸው የሚያጠኑ ብርቱዎች ነበሩ። ጎበዞቹ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ደግሞ ማታ ማታ ተሰብስበው የየራሳቸውን መልስ ያስተያዩ፣ የድሮ ፈተና ይለዋወጡ ነበር። ከዚያ ትሪስማን ቀላል ሳይሆን ከባድ ጥያቄ እየሰጠ በቡድን የሚያሠራ ዝግጅት ጀመረ፤ ውጤታቸው በግልጽ ተለወጠ።

እኔ ይህን ሳነብ የራሳችን ልጆች ናቸው የታዩኝ። በራችንን ዘግተን የምናጠና ሕዝብ ነን። ፈተና መውሰዳችንን እንደብቃለን። «ለሰው እንዳትናገሪ፤ ሲሆን ይሰማል» ብለን ልጆቻችንን እናስጠነቅቃለን። ከዓይን ለመጠበቅ ይሁን ከወደቅን እንዳናፍር፣ ምክንያቱን እረዳለሁ። በውጤቱ ግን በአንድ ሕንፃ ታች የምትኖረው ለኤምካት፣ ላይ የሚኖረው ለስቴፕ ቱ እየተዘጋጁ ሳይተዋወቁ ይከርማሉ። እሱ ያሳለፈውን ባዮኬሚስትሪ ሊያስረዳት ይችል ነበር። እሷ ደግሞ የማመልከቻ ድርሰቱን እንግሊዝኛ ልታቃናለት ትችል ነበር። ይህ ምስጢር ብዙ አስከፍሎናልና እንተወው።

መሣሪያው ከእጃችን አልጠፋም። በዚህ ከተማ እድር አለን። ሰው ሲሞት በአንድ ሌሊት ስልክ ይደዋወላል፣ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ምግብ ይደርሳል፣ አስከሬን አገር ቤት ይሸኛል፤ ሟቹ ጎበዝ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያንን አደረጃጀት ለሕያው ልጅ የማናውልበት ምክንያት አልታየኝም።

ስለዚህ የማቀርበው ይህ ነው። ትልቅ ስም ይዘን፣ ሊቀ መንበር መርጠን፣ በደንቡ ስንጨቃጨቅ ሁለት ዓመት እንዳንጨርስ እለምናችኋለሁ። በአንድ ክፍልና በአንድ የቀን መቁጠሪያ እንጀምር። ክፍሉ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አዳራሽ ሊሆን ይችላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይከፈት። የኮሌጅ ተማሪዎቹና ስቴፕ የሚያጠኑት ሐኪሞች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። ጡረታ የወጡ እናቶቻችን በጎን ባለው ክፍል የሚያጠኑትን ወላጆች ሕፃናት ይያዙላቸው፤ ይህ ከብዙ ሺህ ዶላር ይበልጣል። ቀን መቁጠሪያውን የሚይዝ አንድ ታማኝ ሰው ይመደብ፤ የክፍያ እርዳታው ከምዝገባ በፊት፣ ማመልከቻው በሰኔ፣ የሬዚደንሲው በመስከረም እንዲሄድ እየደወለ የሚያስታውስ።

ሐኪሞቻችን ሆይ፣ ከእናንተ የምንጠይቀው የእራት ግብዣ ላይ የሚደረግ ምክር አይደለም። በወር አንድ ቀን አንድ ልጅ ተከትሏችሁ ይዋል። የምትሠሩበት ተቋም ምን ክትባት፣ ምን ፎርም እንደሚጠይቅ አስቀድማችሁ አጣሩለት። የምታውቁትን ሰው ብቻ ነው በእውነት ደብዳቤ ልትጽፉለት የምትችሉት፤ እንግዲህ እወቁት። የተመረቀውን ሐኪም ከፓርኪንግ አውጥታችሁ ክሊኒክ ውስጥ በሕክምና ረዳትነት፣ በአስተርጓሚነት ወይም በምርምር ረዳትነት አስገቡት። ደመወዙ ሊያንስ ይችላል፤ ጉድለቱን የምንሞላው እኛ ነን።

ገንዘቡን በሚመለከት ሽልማት ለመስጠት አንሰብስብ። ሽልማት የሚደርሰው መንገዱን ላገኘ ሰው ነው። ያለ ወለድ የሚበደሩት ገንዘብ ይሁን፤ ለፈተና፣ ለማመልከቻ፣ ከሁሉም በላይ ከፈተና በፊት ላሉት ሦስት ወራት የቤት ኪራይ። ሬዚደንት በመጀመሪያ ዓመቱ ከ60,000 ዶላር በላይ ያገኛልና ቀስ በቀስ ይመልሳል። ያልተሳካለት ሰው ግን አይጠየቅ፤ ዕዳው ይሰረዝለት። ይህ ደንብ ከሌለ በጣም የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ፈርተው አይመጡም። ነርስ ወይም የጤና ጥናት ባለሙያ ሆኖ የቀረውንም እንደ ወደቀ አንቁጠረው።

«ሐኪሞቹ ለአገራችን ይሥሩ፤ እዚህ ማስቀረት አገርን ማድማት ነው» የሚል ድምፅ አለ፤ እኔም ያመኛል። በመንግሥት ገንዘብ የተማረ ሐኪም መውጣት ለኢትዮጵያ በሽተኛ ጉዳት ነው። ሆኖም ፓርኪንግ ውስጥ የቆመ ሐኪም ለሁለቱም አገር አልሆነም። ሙያውን የያዘ ሰው ተመልሶ ሊያስተምር፣ ሊያክም ይችላል፤ እንደ ፒፕል ቱ ፒፕል ያሉ የዲያስፖራ ሐኪሞች ማኅበራት ይህን ሲያደርጉ አይተናል። እዚህም ቢሆን ስኳርና ደም ብዛት ያለባቸው አባቶቻችን በቋንቋቸው የሚያነጋግራቸው ሐኪም ይፈልጋሉ። ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ላይ ተደርጎ በ2018 የወጣ ጥናት ጥቁር ወንዶች ጥቁር ሐኪም ሲያነጋግራቸው የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ለማድረግ ይበልጥ ፈቃደኛ እንደሚሆኑ አሳይቷል። የ12 ዓመት ልጅ የእናቷን የማሕፀን ሕመም ለሐኪም ማስተርጎሟ ማብቃት አለበት።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ልጃችሁ ፈተና ሊደርስባት ሲል ፎርሙን ሌላ ሰው ይሙላላችሁ፣ ለቀጠሮው ሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «መቼ ነው የምትጨርሺው?» የሚለውን ጥያቄም ተዉላት።

በመውጫው በር ጠረጴዛ ላይ ሁለት መዝገብ አለ። በአንደኛው ለመፈተን ወይም ለማመልከት የምታስቡ ስማችሁንና ያላችሁበትን ደረጃ ጻፉ፤ የሚያየው ቀን መቁጠሪያውን የሚይዘው ሰው ብቻ ነው። በሁለተኛው ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሁለት ሰዓት ጊዜ፣ ወይም በወር 20 ዶላር፣ ወይም ክሊኒካችሁ ውስጥ አንድ ቀን መስጠት የምትችሉ ጻፉ። የመጀመሪያው ቅዳሜ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እባካችሁ ሳትጽፉ አትውጡ።